በኮምፒውተር ውስጥ የቀረው ጽዋ

አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል። የእኔ ምሳ ግን እራት እስኪሆን አምስት ዓመት ፈጀ። ኩርፊያ በቤታችን በዘር የሚወረስ ነው። አባቴ ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር ድንበር ተጣልተው፣ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ዘጉት። ጎረቤቱ ቤቱን ሸጦ ዳንግላን ለቆ ከሄደ በኋላም መስኮቱ እንደተዘጋ ቀረ። «ሰውየው እኮ ሄደ፤ አሁን ማንን ነው የሚያኮርፉት?» ብላቸው፣ «እሱ ቢሄድ ነገሩ የት ይሄዳል!» አሉኝ። እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ።

በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ፣ እንጅባራ ውስጥ፣ የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደች። አምስት ዓመት የጠበቅናት ልጅ ናት። ሳቄን መሰብሰብ አቅቶኝ፣ ክፍል ገብቼ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሳስተምር እንኳ ጥርሴ አይከደንም ነበር። ጥር ሲገባ ባለቤቴ ሕፃኗን እያጠባች ቀና ብላ አየችኝና «ሰማንያ ቀኗ እየደረሰ ነው። የክርስትና እናቷ ማን ናት?» አለችኝ።

«እንፈልጋለን» አልኳት።

«ምን ይፈለጋል? ቃል ሰጥታችኋል። ያውም በእመቤታችን ቀን።»

የምትለው ገብቶኛል። ገና ስንተጫጭ ሳለን፣ ከአራት ጓደኞቼ ጋር የተማማልነውን በኩራት የነገርኳት እኔው ነኝ፤ ከአምስታችን ልጅ የወለደ ሁሉ፣ ክርስትና አንሺውን ከመካከላችን ይመርጣል። አሁን ግን የእነሱ ስም ሲነሳ ፊቴ ይጠቁራል።

«እነሱ ሠርጌን የረሱ ሰዎች ናቸው» አልኳት።

«እነሱ ቢረሱ አንተ አልረሳህም። ይኸው በየዓመቱ የሠርጋችን ቀን ሲመጣ የምታስበው እኔን ሳይሆን እነሱን ነው» ብላ ሕፃኗን አስታቀፈችኝ፤ ጎንበስ ብላም ከአልጋው ሥር አንድ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ጎትታ አወጣች። አሮጌው ኮምፒውተሬ ነው። በላዩ ላይ ለዘር ያስቀመጠችው ድንች ተደርድሮ ነበር። ድንቹን አንድ በአንድ አነሳችና «አድራሻቸው እዚህ ውስጥ አይደል? አውጣው» አለች።

አራቱን ሰዎች ላስተዋውቅ። ኮሌጅ ከአንድ ሳህን ስንበላ ኖረን፣ በአንድ ቀን ተመርቀን፣ በአንድ ቀን ዕጣ ያወጣን ጀማሪ መምህራን ነበርን። ምደባችን በዕጣ ነበር፤ እጅህን ኮፍያ ውስጥ ትከታለህ፣ የተጠቀለለች ወረቀት ታወጣለህ፣ ወረቀቷ ወዳለችህ ትምህርት ቤት ጓዝህን ትጭናለህ። ለእኔ ጫግኒ ደረሰችኝ፤ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው በየአቅጣጫው ተበተኑ። መምህር መምህርን በሚያስተምረው ትምህርት ነው የሚጠራው፤ ስለዚህ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ስፖርትና ባዮሎጂ እላቸዋለሁ። እኔ ጂኦግራፊ ነኝ። ከመካከላችን ሴት ባዮሎጂ ብቻ ናት፤ ግን ማንንም አትፈራም።

ኮሌጅ ሳለን በየወሩ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ነበረን። ተረኛው ይደግሳል፤ ሲያበቃ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል፤ ያም በሚመጣው ወር ይጠራል። ዕጣው ሲበትነን ማኅበሩ ሊፈርስ ሆነ። ያኔ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን፣ ሒሳብ ነበርና «ጽዋው በኢሜይል ይዙር» አለ። ተረኛው ድግስ በመደገስ ፈንታ በሃያ አንድ ቀን ለሁላችንም ረጅም ደብዳቤ ይጽፋል። ከግርጌው የቀጣዩን ተረኛ ስም ያስቀምጣል። ጽዋው በእጁ ያለው ሰው ሳይጽፍ ሌላው ቀድሞ መጻፍ አይችልም። ቁም ነገር ደግሞ በስልክ አይወራም፤ ለጽዋው ይቀመጣል። ስፖርት «ጠላውስ?» ብሎ ጠየቀ። «ጠላው በየቤትህ» ተባለ። የነፍስ አባታችን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አናውቅም፤ እኛም አልነገርናቸውም።

ሌሎቹ ደብዳቤያቸውን ከኢንተርኔት ቤት ነበር የሚያነቡት። እኔ ግን ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁ። ሒሳብ ጫግኒ ድረስ መጥቶ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ኔትወርክ ሲኖር ደብዳቤ የሚቀበልና የሚልክ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ያለውን የሚያስነብብ ፕሮግራም ጫነልኝ። የይለፍ ቃሉን ፕሮግራሙ ራሱ ስለያዘው እኔ ወዲያው ረሳሁት። ጽዋው እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ያህል ዞረ። ያንን ጊዜ ሳስበው ዛሬም ደስ ይለኛል። ደመወዛችን አይበቃንም፣ ጫማችን ጭቃ ነው፣ ግን በሃያ አንድ ቀን እንደ ንጉሥ ነበርን።

ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ሠርጌ ቀርቦ ነበር። በድግስ ጣጣ ተጠምጄ ሁለት ወር አለፈኝ። በመጨረሻ፣ ጥር ላይ፣ ተቀምጬ ጻፍኩ። መዘግየቴን ይቅርታ ጠየቅሁ፣ በሚመጣው እሑድ ዳንግላ አባቴ ቤት እንደማገባ ነገርኳቸው፣ እንዳይቀሩም ለመንኳቸው። «ላክ» የሚለውን ስጫን ደብዳቤው ከፊቴ ጠፋ። እኔ ያኔ ከፊት የጠፋ ነገር ሁሉ የሄደ ይመስለኝ ነበር።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ውስጥ፣ ከሙሽሮቹ ፊት ለፊት፣ አራት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ወንበር አስቀመጥኩ። አጎቶቼ ሊቀመጡበት ሲሉ «የሰው ነው» እያልኩ አስነሣኋቸው። ዳሱ ሞልቶ ሰው ቆሞ እየበላ፣ ያ ወንበር ግን ባዶውን ዋለ። ሙሽራ ፊቱን አያጠቁርም ብለው ሚዜዎቼ ጎሸም ሲያደርጉኝ እስቃለሁ፤ ከዚያ ዓይኔ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ያርፋል። አመመኝ። በአካባቢያችን ሠርግ ተጠርቶ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም፤ አራቱም መቅረታቸው ደግሞ የተማከሩበት መሰለኝ።

በነጋታው አኮረፍኩ። ለምን ቀራችሁ ብሎ መደወል ራስን ማዋረድ መሰለኝ። ብዙም ሳይቆይ ጫግኒ መናኸሪያ ውስጥ ስልኬ ከእነ ሲሙ ተሰረቀ። ቁጥሬን ማስመለስ እችል ነበር፤ «ማን ይደውልልኛል» ብዬ በእልህ አዲስ ቁጥር አወጣሁ። የደብዳቤ ፕሮግራሙንም ከሠርጉ ወዲህ አልከፈትኩትም። ወደ እንጅባራ ተዛወርኩ። በመጀመሪያው ክረምት መብረቅ መስመሩ ላይ ወድቆ ኮምፒውተሩ ጢስ አለና ዝም አለ። ጠቅልዬ ከአልጋው ሥር ከተትኩት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔም በየወሩ ሃያ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ፣ ጸሎቴ ወዴት እንደሚሄድ እኔው አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ወጣሁ። ገበያው አጠገብ ቀድሞ ራዲዮ ሲጠግን የኖረ፣ አሁን ኮምፒውተር የሚጠግን ጎልማሳ አለ። ክዳኑን ፈትቶ አጎንብሶ ካየ በኋላ ቀና ሳይል «መምህር፣ ይህን የመሰለ ቫይረስ በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ከላዩ ከተነሡት ድንቾች የአንዱ ነጭ ቡቃያ በከረጢቱና በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በኩል ገብቶ፣ ሽቦው መካከል ተጠምጥሞ ቀርቷል። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ መጥተው አዩት። አንዲት ሴትዮ «መስኖ አላጠጣችሁትም እንጂ ያፈራ ነበር» አሉ።

ጠጋኙ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በጨርቅ ጠረገው፣ ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘው፣ ከዚያም ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው። ከራዲዮ ዘመኑ የቀረ ልማድ መሆን አለበት። «ልቡ ደህና ነው። የተቃጠለው ሆዱ ነው» አለ። የደብዳቤ ፕሮግራሙን ከእነ ማኅደሩ ወደ ማሽኑ ገልብጦ ከፈተልኝና ወንበሩን ለቀቀልኝ።

መጀመሪያ የወጣው የአድራሻ ዝርዝሩ ነው። አራት ስም፤ ከእያንዳንዱ ጎን እኔ የጻፍኩት ማዕረግ። «ሙሴ ሒሳብ፣ የማይሳሳት»፣ «ታሪክ፣ የማይጨርስ»፣ «ስፖርት፣ የማይጠግብ»፣ «ባዮሎጂ፣ የማትፈራ»። ወረቀት ለምኜ አድራሻዎቹን ገለበጥኩ። ይህን አድርጌ መሄድ እችል ነበር፤ ግን ደብዳቤዎቹ ከሥር ተደርድረው ያዩኛል።

አንዱን ከፈትኩ። ታሪክ ነው፤ የተመደበበት ቀበሌ ሰዎች በአዊኛ ሲያወሩ ስለማይገባው ለሁሉም ራሱን ሲነቀንቅ ቆይቶ፣ ሳያውቀው ለአንድ በሬ ሽያጭ ምስክር ሆኖ መገኘቱን ይተርካል። ሌላ ከፈትኩ። ስፖርት ነው፤ ቡድኑን ለጨዋታ ይዞ ሄዶ፣ አስተናጋጁ ትምህርት ቤት ከጨዋታው በፊት ምሳ ስላበላቸው አንድም ልጅ መሮጥ እንዳቃተው፣ «ግን ሽንፈቱ ጣፋጭ ነበር» ይላል። ባዮሎጂ ደግሞ እንቁራሪት ይዛ ክፍል ስትገባ ወንዶቹ ተማሪዎች በመስኮት ዘለው እንደወጡ ጽፋለች። ብቻዬን ጮክ ብዬ እስቃለሁ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ድንቹን ትተው እኔን ያዩ ጀመር። አምስት ዓመት ሙሉ «ከዳተኞች» ስላቸው የኖርኩት እነዚህን ሰዎች ነው! ናፍቀውኛል። ኩርፊያዬ ውስጥ ሆኜ እንኳ፣ ለካ ሌት ተቀን ናፍቀውኛል።

ጠጋኙ በትከሻዬ በኩል አይቶ «እዚህ ደግሞ ያልሄደ አንድ አለህ» አለኝ።

«ያልሄደ ምን?»

በጣቱ አሳየኝ። ለመላክ የሚጠብቁ ደብዳቤዎች የሚቀመጡበት ማኅደር ነው። ከጎኑ አንድ ቁጥር አለ፤ አንድ። ከፈትኩት። «ውድ ማኅበርተኞቼ፣ ጽዋውን ይዤ በመቅረቴ ይቅር በሉኝ» ብሎ ይጀምራል። የሠርግ ጥሪዬ ነው። ያን ዕለት ኔትወርክ አልነበረም፤ ደብዳቤው ከፊቴ ጠፍቶ የሄደው ወደዚህ ነው። አምስት ዓመት እዚህ ተቀምጧል። ማንም አልቀረብኝም፤ የጠራሁት ሰውም አልነበረም።

ምን እንደተሰማኝ ልንገር፤ መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ሁለቱ ተደባለቁና ዓይኔን አበስኩ። ጠጋኙ አይቶ እንዳላየ ሆኖ የኢንተርኔት መስመሩን ሰካ። «እስቲ ኔትወርክ ካለ...» ሲል፣ ስክሪኑ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ብቅ ብሎ ሮጠ። ወዲያው መብራት ጠፋና ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ወረቀቴን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሳቋ ሕፃኗን ቀሰቀሰ። «አምስት ዓመት! እኔ እኮ ሌላ በደል የደበቅኸኝ ነበር የሚመስለኝ» አለች። ከዚያ ቆጣ ብላ «በል ዛሬውኑ ጻፍላቸው» አለችኝ።

መጻፉ ግን ለእኔ እንደ አፉ አይቀልም። ወረቀት ላይ ልሞክረው ብዬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ይቅርታ በጣም ረዘመ። ሁለተኛው ጥፋቱን ሁሉ በኔትወርክ ላይ አላከከ። ሦስተኛው እንደ ማመልከቻ ነው፤ «ጉዳዩ፦ ይቅርታን ይመለከታል» ሊል ምንም አልቀረው። ረቡዕ አለፈ፣ ሐሙስ አለፈ። ቅዳሜ ባለቤቴ አምስተኛውን ወረቀት አንስታ አነበበችና «ይህን ጊዜ ልጅቷ ራሷ ጽፋ በላከችው ነበር» አለችኝ። ሰኞ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ፣ አዲስ አድራሻ ከፍቼ እልከዋለሁ ብዬ ማልኩ።

እሑድ ረፋድ ላይ አባቴ ከዳንግላ ደወሉ። ስልክ ላይ ሲሆኑ ይጮኻሉ፤ ዳንግላና እንጅባራ መካከል ያለውን መንገድ በድምፃቸው የሚሸፍኑት ይመስላቸዋል።

«ስማ! ከቆሰበር መቼ ነው የምትመጣ?» እንጅባራን ዛሬም በድሮ ስሟ ነው የሚጠሯት።

«ምነው፣ ደህና አይደሉም?»

«እኔማ ደህና ነኝ። ሠርገኞችህ መጥተዋል። ‹ሙሽራው የታለ፣ ዳሱስ የታለ› ይሉኛል። እኔ የማውቅልህ አንድ ሠርግ ነው፤ ሌላም አለህ እንዴ?»

«የምን ሠርገኞች?»

«አራት ናቸው። አንደኛዋ ሴት ናት። ብርድ ልብስ ይዘዋል።»

ያ አረንጓዴ መስመር ትዝ አለኝ። ፕሮግራሙ ከአምስት ዓመት በኋላ ኔትወርክ ሲያገኝ፣ የታዘዘውን ሥራ ፈጽሟል። ማክሰኞ ዕለት «በሚመጣው እሑድ ዳንግላ ሠርጌ ነው» የሚል ደብዳቤ አራቱም ዘንድ ደርሷል።

ባለቤቴ ቀድማኝ ነጠላዋን ለብሳለች። «ሰማንያ ቀን ሳይሞላሽ መንገድ?» አልኳት። «ሠርጉ እኮ የእኔም ነው» አለችኝ። ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልለን ሚኒባስ ተሳፈርን። ዳንግላ መናኸሪያ ወርደን ጋሪ ያዝን። ፈረሱ ሲዘገይብኝ ወርጄ ልገፋው ምንም አልቀረኝም፤ ባለ ጋሪው ዞር ብሎ «ጌታው፣ ሠርግ ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

አባቴ ግቢ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ወንበሩን ነው። አባቴ እንግዳ ማስቀመጫ ሲያጡ ያንኑ አግዳሚ ወንበር ከጓዳ አውጥተውላቸዋል። አራቱም ተደርድረው ተቀምጠውበታል። ሒሳብ ተመልጧል። ስፖርት የማይቆለፍ ኮት ለብሶ ሳህን ይዟል። ታሪክ ለአባቴ ስለ አንድ የጥንት ጦርነት እየተረከላቸው ነበር። ባዮሎጂ ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩን በኮስታራ ፊት ታያለች። አራቱም ብድግ አሉና መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ባለቤቴን፣ በመጨረሻ ጋቢው ውስጥ ያለችውን አዩ።

ታሪክ «ሙሽራዋ ቀድማ ወልዳለች እንዴ?» አለ።

አስረዳኋቸው። ስጨርስ ስፖርት በሳቅ ፈነዳና ሳህኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። እነሱም የራሳቸው ኩርፊያ ነበራቸው። ማግባቴን ከሌላ ሰው ሰምተው «ሳይጠራን አገባ» ብለው ተቀይመውኛል። ቢሆንም ደውለው ነበር፤ ቁጥሬ አይሠራም። ሒሳብም ጫግኒ ድረስ ሄዶ «ተዛውሯል» ብለው መልሰውታል። ለመጻፍ ደግሞ ሕጉ አይፈቅድም፤ ጽዋው እኔ ዘንድ ነው።

«እና አሁን ጥሪው ሲደርሳችሁ ምን አላችሁ?» አልኳቸው።

«የመጀመሪያዋን ፈትቶ ሌላ ሊያገባ ነው አልን» አለች ባዮሎጂ። «እኔ የመጣሁት ‹ሚስትህ ምን በድላህ ነው?› ብዬ ሰው ፊት ልጠይቅህ ነበር።» ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሄዳ አቀፈቻት። ሁለቱ የዚያን ቀን ተዋውቀው እስከ ዛሬ እኔን በኅብረት ያሙኛል።

«ተቀይማችሁኝ ሳለ እንዴት መጣችሁ?» ስላቸው፣ ባዮሎጂ ስልኳን አውጥታ የራሴን ደብዳቤ አነበበችልኝ። «ጽዋውን ይዤ በመቅረቴ ይቅር በሉኝ። ሥራ በዛብኝ እንጂ አልረሳኋችሁም። ያለ እናንተ አልሞሸርም።» ቀና ብላ «ይህን ያለ ሰው ሌላ ምን ይጠየቃል?» አለች። ኪሴ ውስጥ አምስት የይቅርታ ወረቀት ነበር። አንዱንም አላወጣሁም። ሁለት ወር ስለዘገየሁበት የጻፍኩት ይቅርታ ለአምስት ዓመቱም በቅቷል።

ሒሳብ ብዙ አላወራም። ስንቀመጥ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «በየወሩ ሃያ አንድ እከፍተው ነበር። ዛሬ ይጽፋል እያልኩ» አለኝ። ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ ተወኝ።

አባቴ «ሠርገኛ ሳይበላ አይሄድም» ብለው ጎረቤት ላኩ፤ ጠላ መጣ፣ ዶሮም ተያዘ። ቤቱ በሰው ሞላና ሞቀ። አባቴ ተነሥተው ያን መስኮት፣ በጎረቤቱ በኩል ያለውን፣ በክርናቸው ገፍተው ከፈቱት። አቧራው ስፖርት ሳህን ላይ ወረደ። እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

ባለቤቴ ሕፃኗን ባዮሎጂ ክንድ ላይ አስቀመጠችና «ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ፤ ሰማንያ ቀኗ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው» አለቻት። እንቁራሪት ይዛ ክፍል የምትገባው፣ ማንንም የማትፈራው ሴት አለቀሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንጅባራ መጥታ ልጃችንን ክርስትና አነሣች፤ ሦስቱም ወንዶች ከኋላዋ ጧፍ ይዘው ቆሙ።

በዚያ በአሮጌው የሠርግ ጥሪዬ ግርጌ «ቀጣይ ተረኛ፦ ባዮሎጂ» የሚል ተጽፎ ነበር። የካቲት ሃያ አንድ ቀን መምህራን ክፍል ተቀምጬ የተማሪ ፈተና ሳርም ስልኬ ጮኸ። በአዲሱ አድራሻዬ የደረሰኝ ደብዳቤዋ ነው፤ ረጅም ነው፣ ለሁላችንም የተላከ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስደርስ ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩት።

«ከሠርግህ ሁላችንም በሰላም ገብተናል» ይላል።